ከማርስ ነጠብጣብ እስከ ዳሎል ኩሬ፦ የፕላኔቶችን ጠባይ ማንበብ

ጁላይ 2024 ላይ በማርስ የደረቀ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስትጓዝ የነበረችው ፐርሲቪራንስ የተባለች ተሽከርካሪ ሮቦት አንድ ድንጋይ አጠገብ ደርሳ ቆመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድንጋዩ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀላ ያለ ነው፤ ነጫጭ ጅማቶች ሰንጥቀውት ያልፋሉ፤ በጅማቶቹ መካከል ደግሞ መሐላቸው የነጣ፣ ዙሪያቸው በጥቁር የተከበበ፣ በሚሊ ሜትር የሚለኩ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። የነብር ቆዳ ያየ ሰው ሌላ ማመሳሰያ አያሻውም። ለድንጋዩ ቼያቫ ፎልስ የሚል ስም ወጣለት፤ ሮቦቷ በመሰርሰሪያዋ ቆፍራ ያወጣችው ናሙናም ሳፋየር ካንየን ተባለ።

ምርመራው ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶ ውጤቱ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ «ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ» የሚሉ ርዕሶች በየማኅበራዊ ገጹ ተዘዋወሩ። ጥናቱ የሚለው ግን «የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር» ተገኘ ነው። በሁለቱ አባባሎች መካከል ገና ያልተሠራ የብዙ ዓመት ሥራ አለ። ነጠብጣቡ የሕያው ነገር አሻራ ይሁን ወይስ የውሃና የድንጋይ ሥራ ብቻ፣ ለመፍረድ መጀመሪያ ማርስ ምን ዓይነት ፕላኔት እንደሆነች፣ ምን እንደነበራትና ምን እንዳጣች ማወቅ ይጠይቃል። ማርስን ለማወቅ ደግሞ ከጎረቤቶቿ ጋር አስተያይቶ ማየት ግድ ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ ተነስተን ወደ ፕላኔቶቹ ሄደን እንመለሳለን፤ መንገዳችን በአፋር በኩልም ያልፋል።

ነጠብጣቡ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ

ፐርሲቪራንስ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ያረፈችው ጄዜሮ በተባለ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። ከሦስት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ በፊት ስፍራው ሐይቅ ነበር። ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው ወንዝ የተወው ሸለቆ 400 ሜትር ይሰፋል። ቼያቫ ፎልስ የተገኘው በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ ደለል ረግቶ የጠነከረ የጭቃ ድንጋይ ነው።

የማርስ ቅላት ዝገት ነው። ብረት ኤሌክትሮኖቹን ሲያጣ ይዝጋል፤ የተወሰኑትን መልሶ ሲያገኝ ደግሞ ቅላቱ ይለቀዋል። ነጠብጣቦቹ የነጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ የነበረው የዛገ ብረት ከሆነ ቦታ ኤሌክትሮን ተቀብሏል። ሰጪው ማን ነው? የሮቦቷ የሌዘር መሣሪያ በድንጋዩ ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦን መኖሩን አይቷል። የኤክስሬይ መሣሪያዋ ደግሞ በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ብረትና ፎስፌት አንድ ላይ፣ በመሐሉ ብረትና ድኝ አንድ ላይ ሆነው አግኝቷቸዋል። የመጀመሪያው ቪቪያናይት፣ ሁለተኛው ግሬጋይት የተባሉት ማዕድናት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ምድር ላይ ኦክስጅን በማይደርስበት የሐይቅና የረግረግ ጭቃ ውስጥ እነዚህን ማዕድናት የሚያስከትሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። እኛ ከምግባችን ኃይል ካወጣን በኋላ የተረፈውን ኤሌክትሮን ለምንተነፍሰው ኦክስጅን እናስረክባለን። እነሱ ኦክስጅን ስለሌላቸው ለዛገ ብረት ወይም ሰልፌት ለተባለው የድኝና የኦክስጅን ውሕድ ያስረክባሉ፤ ዝገቱን ይተነፍሱታል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚዘቅጠው ብረት ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ ቪቪያናይት፣ ከድኝ ጋር ሲገናኝ ግሬጋይት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ያለ ሕይወትም የሚሄድ መንገድ አለ። ኦርጋኒክ ካርቦን ራሱ ማንም ሳይበላው ለዛገ ብረት ቀስ እያለ ኤሌክትሮን ሊሰጥ ይችላል፤ ለዚህ ብዙ ሙቀት አያስፈልገውም። ሰልፌትን ኦክስጅን ወደሌለበት የድኝ ውሕድ፣ ወደ ሰልፋይድ፣ መለወጥ ግን ከመቶ ዲግሪ በብዙ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ደግሞ እንዲህ ተቀቅሎ የሚያውቅ አይመስልም። ለሕይወት የሚቆመው ክርክር ጠንካራ የሆነው እዚህች ላይ ነው። አሳማኝ ነው፤ ማስረጃው ግን ገና አልተዘጋም።

ሁለተኛዋ ፕላኔት ላይ ሲደርስ የሚፈርሰው ሐሳብ

ትምህርት ቤት ፕላኔቶችን ከፀሐይ ባላቸው ርቀት ቅደም ተከተል እንሸመድዳለን፦ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን። ከዝርዝሩ ጋር ማንም ሳይናገረው ጭንቅላታችን ውስጥ የሚገባ ሐሳብ አለ፤ የቀረበው ይሞቃል፣ የራቀው ይቀዘቅዛል የሚል። ሐሳቡ ከሜርኩሪ አልፎ ቬነስ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።

ሜርኩሪ ከፀሐይ በአማካይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ቀኗ ወደ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቷ ከዜሮ በታች 180 ነው። ሙቀቱን የሚይዝ አየር ስለሌላት የቀኑን በሌሊት ትበትነዋለች። ፀሐይ ፈጽሞ በማትደርስባቸው የዋልታ ጉድጓዶቿ ውስጥ በረዶ እንዳለ መሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር አረጋግጣለች። ለፀሐይ የቅርብ በሆነችው ፕላኔት ላይ በረዶ! ቬነስ ግን እጥፍ ሊሆን በተቃረበ ርቀት፣ 108 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ሆና፣ ገጿ ቀንም ሌሊትም፣ ወገቧም ዋልታዋም 465 ዲግሪ ገደማ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱን መሥራት ይጠቅማል። ቬነስ ያለችበት ርቀት ላይ የፀሐይ ብርሃን በካሬ ሜትር 2,600 ዋት ነው፤ መሬት ያለችበት ላይ 1,361 ዋት። ፕላኔት ክብ ስለሆነችና ግማሿ ሁሌም ጨለማ ስለሆነ አማካዩን ለማግኘት ለአራት ይካፈላል፦ ቬነስ 650፣ መሬት 340። አሁን የሚንጸባረቀውን እንቀንስ። የቬነስ ደመና ከሚደርሰው ብርሃን ሦስት አራተኛውን ይመልሳል፤ አጥቢያ ኮከብ እያልን ንጋት ላይ የምናያት ያን ያህል የምታበራውም ለዚህ ነው። ለራሷ የሚቀራት 160 ዋት ገደማ ነው። መሬት 30 በመቶውን መልሳ 240 ታስቀራለች። ስለዚህ ቬነስ ከፀሐይ የምትውጠው ሙቀት ከመሬት ያነሰ ነው። በዚያ ብቻ ብትኖር ኖሮ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ትሆን ነበር። ከዚያ እስከ 465 ያለውን ልዩነት የሚያመጣው አየሯ ነው፤ 96.5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ግፊቱ የመሬትን 92 እጥፍ ይሆናል። ያ ግፊት በውቅያኖስ ውስጥ 900 ሜትር ወርዶ እንደመቆም ነው። በ1982 ያረፈችው የሶቪየት ኅብረቷ ቬኔራ 13 በዚያ ውስጥ የሠራችው ለ127 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ቬነስና መሬት በግዝፈት መንታ ሊባሉ የሚችሉ ናቸው፤ የቬነስ ዲያሜትር 12,104፣ የመሬት 12,742 ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ የመሬት ካርቦን የት ገባ? ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ መንገዱ አባይ ሸለቆ ውስጥ ሲወርድ ከገደሉ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ የመልሱ አንድ ክፍል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በውሃ ይሟሟል፣ ከካልሲየም ጋር ይዋሐዳል፣ ከባሕር በታች ይዘቅጣል፣ ድንጋይ ይሆናል። መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ውስጥ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታስሯል፤ ኖራና ሲሚንቶ ሲመረት ድንጋዩ ሲቃጠል ተመልሶ የሚወጣው ይኸው ነው። በመሬት ዓለቶች ውስጥ የታሰረው ካርቦን በሙሉ ቢለቀቅ ከቬነስ አየር ጋር የሚቀራረብ መጠን ይሆናል። መሬት ጋዙን ያሰረችው ውሃዋን ስላላጣች ነው።

ቬነስ ውሃዋን እንዳጣች የምናውቀው ከቀረው ነው። ሃይድሮጅን ሁለት ዓይነት አለው፤ ቀላሉና ዲዩቴሪየም የተባለው ከባዱ። ውሃ በፀሐይ ጨረር ሲበተን ቀላሉ ቶሎ ወደ ሕዋ ያመልጣል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በቬነስ አየር ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከመሬት መቶ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እህል ሲነፋ ገለባው ሄዶ ፍሬው እንደሚቀር ሁሉ፣ ስለ ሄደው የሚናገረው የቀረው ነው። ይህን የከባድና የቀላል ንጽጽር እናስታውሰው፤ ወደ ማርስ ድንጋይ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ማርስ ያጣችው

ማርስ ከመሬት በዲያሜትር ግማሽ ብትሆንም በክብደት አንድ አሥረኛ ብቻ ናት። ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ያስከትላል። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ጀበና ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ፣ የማርስ ሆድም ቀድሞ ቀዘቀዘ። ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር የመሬት መንቀጥቀጧን አድምጣ እንዳረጋገጠችው እምብርቷ ዛሬም በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ያ ፈሳሽ ፕላኔቷን የሚከልል መግነጢሳዊ መስክ ለማመንጨት በሚበቃ ኃይል አይናጥም። መስኩ የጠፋው ከአራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ አየሯን ከላይ ከላይ ሲገፍፈው ኖሯል።

ይህም የታወቀው በዚያው መንፊያ ነው። ሜቨን የተባለችው መንኮራኩር ከ2014 ጀምሮ ማርስን እየዞረች የአርጎንን ቀላልና ከባድ ዓይነት ለካች። አርጎን ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው፤ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ሊደበቅ አይችልም፤ ከቀነሰ ያመለጠው ወደ ሕዋ ነው። በ2017 የወጣው ውጤት እንደሚለው በማርስ አየር ከነበረው አርጎን 65 በመቶው ሄዷል።

የቀረው አየር ግፊቱ ከመሬት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊባር አካባቢ ነው። ይህ ለውሃ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ ማሰሮ የጣደ ሰው በከፊል ያውቀዋል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምንል አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስደው አንድም በዚህ ነው። ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ የመፍያው ነጥብም አብሮ እየወረደ ይሄዳል፤ ስድስት ሚሊባር ላይ ሲደርስ መፍያውና መቀዝቀዣው ዜሮ ዲግሪ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ለፈሳሽ ውሃ የሚቀር ቦታ የለም። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። የጄዜሮ ሐይቅ ይኖር የነበረው ታዲያ ማርስ ከዛሬው እጅግ የወፈረ አየር በነበራት ዘመን ነው፤ ድንጋዩን ይህን ያህል ተፈላጊ ያደረገውም ከዚያ ዘመን የመጣ መሆኑ ነው።

አየርን የሚወስነው ስበት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስሕተት ነው። የሜርኩሪና የማርስ ስበት እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ ሁለቱም የመሬትን 38 በመቶ ያህላሉ። ማርስ ስስ አየር አላት፣ ሜርኩሪ የላትም ማለት ይቻላል። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ደግሞ ስበቷ የመሬትን 14 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ የአየሯ ግፊት የመሬትን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ቅዝቃዜዋ ነው፤ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ አካባቢ ላይ የጋዝ ቅንጣቶች ለማምለጥ የሚያበቃ ፍጥነት አያገኙም። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ሚዛን ይለካል፦ ፕላኔቷ ምን ያህል አጥብቃ ትይዛለች፣ ጋዙስ ምን ያህል ይሯሯጣል። ርቀት ወደ ሒሳቡ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ከማርስ ወዲያ

ግዙፎቹ ጋር ይህ ሚዛን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ጁፒተር 318 መሬቶችን ይመዝናል፤ ከሁሉ ቀላል የሆኑትን ሃይድሮጅንና ሂሊየምን ሳይቀር ይዞ አስቀርቷል። ሳተርን ከውሃ የቀለለ ጥግግት ያለው ብቸኛው ፕላኔት ነው። የታወቁ ጨረቃዎቹም በማርች 2025 ከተመዘገቡት 128 አዳዲሶች ጋር 274 ደርሰዋል። በእነዚህ ላይ የሚቆምበት መሬት ስለሌለ ሕይወት ፈላጊዎች ወደ ፕላኔቶቹ ሳይሆን ወደ ጨረቃዎቻቸው ያያሉ።

ዩራነስና ኔፕቱን ግን አንድ አፍታ የሚያስቆም ነገር አላቸው፤ የቬነስና የመሬት ዓይነት መንታነት። በግዝፈትም በተሠሩበትም ይመሳሰላሉ። ኔፕቱን ከፀሐይ የሚያገኘው ብርሃን እኛ ከምናገኘው 900 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ነፋሱ በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልባል፤ ከፀሐይ ከሚቀበለው ሙቀት ከሁለት እጥፍ በላይም ወደ ሕዋ ይለቃል፤ ትርፉ ከውስጡ የሚወጣ ነው። ወደ ፀሐይ የሚቀርበው ዩራነስ ከውስጡ የሚያወጣው ሙቀት በንጽጽር ትንሽ ነው። በጎኑ ተጋድሞ፣ ዘንጉ 98 ዲግሪ አዘንብሎ፣ በ84 ዓመት አንዴ ፀሐይን ይዞራል። ሁለቱን በቅርብ ያየች አንዲት መንኮራኩር ብቻ ናት፤ ቮዬጀር 2፣ በ1986 እና በ1989። እንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ ለአርባ ዓመት አንድም ተመላላሽ ሳያገኝ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው።

ከጨረቃዎቹ መካከል ኤንሴላደስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ዲያሜትር ያላት የሳተርን ጨረቃ ናት። ገጿ በረዶ ነው፤ ሳተርን እየጎተተ ሲለቃት ሆዷ በመታሸት ይሞቃል፣ ከበረዶው በታች ያለው ውቅያኖስም በስንጥቆቹ በኩል እንደ ፍልውሃ ወደ ሕዋ ይረጫል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ያ ጭጋግ በሚመግበው የሳተርን ቀለበት ውስጥ አልፋ ከሰበሰበችው መረጃ በ2023 ለሕይወት አስፈላጊ የሆነው ፎስፌት ተገኝቷል። የጁፒተሯን ዩሮፓ ለማየት ኦክቶበር 14 ቀን 2024 የተነሳችው ዩሮፓ ክሊፐር ደግሞ በ2030 ትደርሳለች። የፀሐይ ሙቀት እምብዛም በማይደርስበት ሩቅ ቦታ ፈሳሽ ውሃ መኖሩ «የቀረበ ይሞቃል» የሚለውን ሐሳብ ከሌላኛው ጫፍ ያፈርሰዋል።

ዳሎል፦ ውሃው ሞልቶ ሕይወት ሲጠፋ

«ውሃ ባለበት ሕይወት ይኖራል» የሚለው ሌላው የተለመደ ሐሳብ ነው። ይህን ለመፈተን ከምድር ላይ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እኛ ዘንድ ነው። ዳሎል በአፋር ክልል በደናክል ረባዳ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከጥንት ጀምሮ አሞሌ ከሚቆረጥበት ከዚያ የጨው ሜዳ ውስጥ ከሥሩ ባለው እሳተ ገሞራ የሞቀ ውሃ ይወጣል። ውሃው ጨው ስለጠገበ ከመቶ ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። አሲድነቱ በፒኤች ሲለካ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ኩሬ አለ። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ መለኪያው በእያንዳንዱ አኃዝ አሥር እጥፍ ስለሚራመድ ዜሮ ማለት ከሎሚ መቶ እጥፍ የበረታ አሲድ ነው።

ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ የሚደነቅበት ቀለም የሚመጣው በዋናነት ከብረትና ከድኝ ነው። ከጉድጓዱ ገና የወጣው ውሃ አረንጓዴ ነው፣ ብረቱ አልዛገም። አየር እየነካው ሲሄድ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ የዝገት ቡኒ ይሆናል። በቼያቫ ፎልስ ነጠብጣብ ውስጥ ወደ ኋላ የሄደው ለውጥ እዚህ ወደ ፊት ሲሄድ በዓይን ይታያል።

በ2019 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ስለ ዳሎል ሁለት ተቃራኒ ውጤት አወጡ። በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን ከጨው ጭስ ማውጫ መሳይ ጉብታ በወሰደው ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ፈረንሳይ የሚሠሩት የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ደግሞ በዙሪያው ባሉት ጨዋማ ውሃዎች ውስጥ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ቢያገኝም፣ ጨውም አሲድም ከመጠን በላይ በሆነባቸው ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት የለም ሲል ደመደመ። የሁለተኛው ቡድን ሥራ የሚያሳምነው በማስረጃው ብዛት ነው። የዘር ቅንጣት ምርመራ፣ ተሕዋስያኑን ለማራባት የተደረገ ሙከራ፣ ማይክሮስኮፕና የኬሚካል ትንተና አንድ ላይ ተሠርተዋል፤ ናሙናም በተለያየ ጊዜ ተወስዷል።

ሁለት ነገር ከዚያ ሥራ መያዝ አለበት። የመጀመሪያው፣ ውሃ መኖሩና ውሃው ጥቅም ላይ መዋሉ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ኩሬዎች የበዛው ማግኒዥየም ክሎራይድ ውሃውን አጥብቆ ይይዘዋል፣ የሕዋስንም ግንባታ ያፈራርሳል፤ በፈሳሽ መሐል ሆኖ የሚጠጣ እንደማጣት ነው። ማርስ ላይም ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አግኝታለች። ይህ ጨው ውሃን ከዜሮ እጅግ በወረደ ቅዝቃዜ ፈሳሽ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። «ፈሳሽ ውሃ ሊኖር ይችላል» የሚል ዜና ሲሰማ ቀጥሎ የሚጠየቀው የጨዉ ዓይነትና መጠን መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሰጋ ነው። በዳሎል ናሙናዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ ድቡልቡል ነገሮች ነበሩ። የኬሚካል ይዘታቸው ሲታይ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ነገር ሆነው ተገኙ። ማዕድን የሕይወትን መልክ ሊይዝ ይችላል። ቅርጽ ብቻውን ያሳሳተበት ጊዜም ነበር። አንታርክቲካ ላይ በ1984 የተገኘው የማርስ ተወርዋሪ ድንጋይ፣ አለን ሂልስ 84001፣ በ1996 የባክቴሪያ ቅሪት ይዟል ተብሎ ዓለም አነጋግሯል። ኋላ ግን ለቀረቡት ማስረጃዎች ሕይወት የሌለበት ማብራሪያ ተገኝቶላቸው ብዙኃኑ ሳይንቲስቶች ሐሳቡን ትተውታል።

ሦስተኛ አደጋም አለ፤ ከእኛው የሚመጣ ብክለት። ዳሎልን ጎብኚ ይረግጠዋል፤ የላብራቶሪ ዕቃው ራሱ የባክቴሪያ ርዝራዥ ይኖረዋል። ጠንቃቃ ቡድን ባዶ ናሙና አዘጋጅቶ፣ ከእውነተኛው ጋር እኩል አስመርምሮ፣ በባዶው ላይ የታየውን ሁሉ ከውጤቱ ይሰርዛል። ፐርሲቪራንስም ይህንኑ ታደርጋለች። ከያዘቻቸው 43 ቱቦዎች አምስቱ ድንጋይ የማይገባባቸው ምስክር ቱቦዎች ናቸው፤ ሮቦቷ ከምድር ይዛው የሄደች ቆሻሻ ካለ በእነሱ ላይ እንዲያርፍ ታስበው የተሠሩ።

ቱቦው

በእግር ደርሶ፣ ማሰሮ ሙሉ ናሙና ቀድቶ፣ ላብራቶሪ አስገብቶ በሚመረመር ኩሬ ላይ ሁለት ቡድን ሳይስማማ፣ በሮቦት ጣት ከተዳሰሰ ድንጋይ የመጨረሻ ፍርድ መጠበቅ አይቻልም። ሮቦቷ ማድረግ የማትችለው ዋናው ነገር ያ መንፊያ ነው። ድኝም ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ 32 እና 34። ሰልፌት የሚተነፍሱ ተሕዋስያን ቀላሉን ያዘወትራሉ፤ ስለዚህ እነሱ የተዉት ሰልፋይድ ውስጥ ቀላሉ ድኝ በዙሪያው ካለው ሰልፌት ይልቅ ይበዛል። ልዩነቱ የሚለካው ከሺህ እጅ በሚቆጠር ሲሆን፣ ከነጠብጣቡ መሐል ያለችውን የግሬጋይት ቅንጣት ለይቶ የሚለካው መሣሪያ በተሽከርካሪ የሚጫን አይደለም። ለካርቦኑም ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልጋል። ግሬጋይቱ በቅዝቃዜ ነው ወይስ በሙቀት የተሠራው የሚለውም ድንጋዩ በስሱ ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚለይ ነው።

ናሙናው መምጣት አለበት ማለት ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የሕዋ ተቋማት ይህን ለማድረግ አቅደው ነበር። በኤፕሪል 2024 ግን ናሳ ራሱ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ፣ ናሙናውም ከ2040 በፊት እንደማይመጣ ገልጾ እንዲህ ሊቀጥል አይችልም አለ። በጃንዋሪ 2025 ሁለት የቀለሉ አማራጮች አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ዋይት ሀውስ ያቀረበው የ2026 በጀት ሐሳብ መርሐ ግብሩ እንዲሰረዝ ጠየቀ። የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊይዝ የሚችል ድንጋይ ለይቶ፣ ቆፍሮ፣ አሽጎ ካስቀመጠ በኋላ መጓጓዣ ማጣቱ በዚህ ዘርፍ ካሉት ኪሳራዎች ትልቁ ነው።

ሌሎች በመንገድ ላይ ናቸው። ቻይና ቲያንዌን 3 የተባለውን ተልዕኮ በ2028 አካባቢ ለማስነሳትና እስከ 2 ሜትር ቆፍሮ ከ500 ግራም ያላነሰ ናሙና ለማምጣት አቅዳለች። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለችው የአውሮፓ ተሽከርካሪ ሮቦትም በ2028 ትነሳለች ተብሎ የታሰበ ሲሆን እሷም 2 ሜትር ትቆፍራለች። ጥልቀቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መግነጢሳዊ መስክና ወፍራም አየር ያጣች ፕላኔት ላይ የሕዋ ጨረር ላይ ላዩን ያለውን ኦርጋኒክ ነገር በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ይፈጨዋል፤ ሳይነካ የተረፈ ካለ ከሥር ነው። ሁለቱም የሚያርፉት ግን ከቼያቫ ፎልስ ርቀው ነው።

የመነሻ ጊዜውን የሚወስነው ምሕዋር ነው። መሬትና ማርስ በ26 ወር አንዴ ይቀራረባሉ፤ መንኮራኩሮች የሚነሱትም በዚያ ዙሪያ ነው። ቀጣዩ መቃረብ ፌብሩዋሪ 2027 ላይ ሲሆን፣ ያን ሰሞን ማርስ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከኢትዮጵያ ሰማይ መሐል፣ ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ቦታ፣ ቀላ ብላ፣ ብልጭ ድርግም ሳትል ስታበራ ያለ መነጽር ትታያለች። መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዚያች ቀይ ነጥብ ላይ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውፍረቱ ከጣት የማይበልጥ የጭቃ ድንጋይ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በሮቦቷ ሆድ ዕቃ ይጓዛል።